ከጋሮማ በላይ

ይቺን ልጅ አልጋ እንዲህ አድርጎ ማንጠፍ ማን አስተማራት? ጠዋት ጸሎቴን ጨርሼ ብቅ ስል የለንሳ አልጋ ባዶ ነው። ባዶ መሆኑ አልደነቀኝም፤ ሥራ ፈላጊ ልጅ ማልዳ ትወጣለች፣ ከማስታወቂያ ሰሌዳ ማስታወቂያ ሰሌዳ ስትዞር ውላ ፊቷን አጥቁራ ትመለሳለች። የደነቀኝ ሌላ ነው። ብርድ ልብሱ አራት ማዕዘን ሆኖ ታጥፎ ግርጌ ተቀምጧል። አንሶላው የተወጠረ ከበሮ መስሏል። ሸራ ጫማዋ ታጥቦ፣ ማሰሪያው ወደ ውስጥ ተከቶ፣ መስኮቱ ሥር ቀጥ ብሎ ቆሟል። እኔ ያሳደግኳት ልጅ እኮ ብርድ ልብሷን ረግጣ የምትነሣ፣ ለአንድ እግር ካልሲ ቤቱን የምታምስ ናት። እንዲህ ያለ አልጋ በዕድሜዬ ያየሁት አንድ ሰሞን ብቻ ነው፤ ባሌ ዋቅቶላ፣ አፈሩ ይቅለለውና፣ ከጦር ሠራዊት ተሰናብቶ የመጣ ሰሞን። እጄን አንሶላው ላይ አሳረፍኩና ቶሎ አነሣሁት፤ የሰው ቤት አልጋ የነካሁ መሰለኝ።

ለንሳ የልጄ የዶርቃስ ልጅ ናት። ዶርቃስ ቤሩት ሰው ቤት ትሠራለች፤ በስልክ ውስጥ ትስቃለች፣ ስልኩ ሲዘጋ እንደምታለቅስ አውቃለሁ። የለንሳ አባት አዱኛ ባኮ የእርሻ ምርምሩ ሾፌር ነው፤ እዚያው ሌላ ትዳር ይዟል፣ በበዓል በበዓል አንድ ከረጢት በቆሎ ይልካል። ልጅቷ በእኔ እጅ ነው ያደገችው። በእኔ ጀርባ፣ በእኔ ጉልበት። አዱኛ ደግሞ የወርቅቱ ልጅ ነው፤ ወርቅቱ የጄኔራል ጋሮማ ልጅ። አምቦ ውስጥ ይህን የማያውቅ ሰው ካለ ከወርቅቱ ጋር ሻይ ጠጥቶ የማያውቅ ሰው ነው። ስኒው ከንፈርሽ ሳይደርስ ጄኔራሉ ከደንዲ ወጥተው ሆለታ ጦር ትምህርት ቤት ይገባሉ፤ ግማሽ ስትደርሺ ኮሪያ ዘምተዋል፤ አተላው ሲታይ ኦጋዴን ላይ ኮረብታ ይዘው ሜጀር ጄኔራል ሆነዋል። ለንሳ ዩኒቨርሲቲ ጨርሳ ዲግሪዋን ይዛ እቤት ከተቀመጠች ወዲህ እዚያ ቤት እግር አበዛች። ድሮ «እማማ ወርቅቱ» ነበር የምትላት። ካለፈው ክረምት ጀምሮ «አኮ ወርቅቱ» አለቻት። አኮ ማለት በእኛ አፍ አያት ማለት ነው፤ እስከዚያ ድረስ በዚህች ከተማ ውስጥ አኮ የምትላት እኔን ብቻ ነበር። ትንሽ ነገር ነው፣ አውቃለሁ። ትንሽ ነገር ነው ብዬ ስንት ሌሊት ተገላብጫለሁ።

ስኳር አልቆብኝ ነበርና ወደ ነጋዴው ወደ ከድሮ ሱቅ ወረድኩ። ከድሮ የስልጤ ሰው ነው፤ ይኸው ጎረቤት ከሆነን ልጆቹ ልጅ ወልደዋል። ስኳሩ ደግሞ ካለፈው ወር በኪሎ አሥር ብር ጨምሯል፤ «እኔ አልጨመርኩም እማማ፣ እሱ ራሱ ነው የሚጨምረው» ይላል ሁልጊዜ። ዛሬ ግን የዋጋ ጨዋታ አላመጣም። ከመስኮቱ አጎንብሶ ሁለት እጁን ዘረጋልኝ።

«እማማ ኡርጌ! እንኳን ደስ ያለዎት!»

«በምን?»

«አይ እማማ ደግሞ! በመኮንኗ ነዋ። እኛ ሠፈር ሴት መቶ አለቃ ሊኖረን ነው እኮ! ከንግዲህ ሚዛን አሳሳትክ ብላ ብታስረኝ ለማን አቤት እላለሁ?»

ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ምን ላድርግ? ያሳደግኳት ልጅ ወታደር ልትሆን መሆኑን ከስኳር ነጋዴ ስሰማ «አላወቅሁም» ልበል? «አዎ፣ ፈጣሪ ይመስገን» አልኩት። እሱም እውነት መስሎት ቀጠለ፤ እጩ መኮንንነት ፈተናውን ማለፏን፣ ነገ ማልዳ ከመናኸሪያ እንደምትሳፈር፣ ዛሬ ከሰዓት በኋላ እማማ ወርቅቱ ቤት ምርቃት እንዳለ፣ ሚስቱ ሹኩሪያ ትልቅ ዳቦ ጋግራ ቀድማ እንደላከች። ሹኩሪያ ታውቃለች። ዳቦው ያውቃል። ኡርጌ አታውቅም። ስኳሩን ተቀብዬ ስወጣ ከኋላዬ «ቀስ ይበሉ እማማ፣ ድንጋዩ ያዳልጣል» ሲለኝ ይሰማኛል፤ ዞር ብዬ ላየው አልቻልኩም፤ ፊቴ ለከተማው ሁሉ የሚያወራ መሰለኝ።

እቤት ገብቼ በሩን ዘግቼ ተቀመጥኩ። ሞቲን አሰብኩ። ሞቲ የመጨረሻ ልጄ ነበር፤ ባድመ ሄዶ ቀረ። እሱን መርቄ ነው የሸኘሁት፤ ሰርዶ ሣር በእጄ ይዤ፣ ቱፍ ቱፍ ብዬ፣ ሄደህ ተመለስ ብዬ። መርዶውን ይዘው የመጡት ሰዎች በሩ ላይ ኮፍያቸውን ሲያወልቁ ገና ነገሩ ገብቶኝ ነበር። ዘመኑ ደግሞ ምን ዓይነት እንደሆነ እናንተም ታውቃላችሁ፤ በየአቅጣጫው ጠመንጃ ነው። ስለዚህ ልቤን አጸናሁ፦ አልመርቃትም። በእኛ አገር ሩቅ መንገድ የሚሄድ ልጅ ያሳደገው አፍ ሳይመርቀው ከቤት አይወጣም። ቢወጣም መንገዱ አይቀናውም፤ እሱም ያውቀዋል፣ የሸኙትም ያውቁታል። አፍ ከመረቀ በኋላ ደግሞ ነገር የለም፤ የወጣ ምርቃት የፈሰሰ ውሃ ነው፣ አይታፈስም። የእኔ ሥራ እንግዲህ ቀላል ነበር። ቤቴ መቀመጥ። በሬን ዘግቼ፣ ነጠላዬን ተከናንቤ፣ አፌን ዘግቼ መቀመጥ ብቻ።

ተቀመጥኩ። ምሳ ሰዓት ሆነ፤ አልበላሁም። ከዚያ ወርቅቱ ታየችኝ። በዚያ በረጅም አንገቷ፣ ለንሳን ፊት ለፊቷ አንበርክካ፣ ሣሩን በቀጫጭን ጣቶቿ ይዛ፣ በሰው ፊት «ልጄ» ስትላት ታየችኝ። የእኔን ምርቃት እሷ ስትመርቀው። ያን ጊዜ ደሜ ፈላ። ለንሳ አንገቷን ደፍታ ብሔራዊ ፈተና ስታጠና መብራት ሲጠፋ ሻማ የያዝኩላት ማን ነው? ታይፎይድ ሲይዛት ሆስፒታል ኮሪደር ላይ ነጠላ አንጥፌ ያደርኩት ማን ነው? ወርቅቱ ያኔ ጄኔራሏን እያወራች ሻይ ትጠጣ ነበር! ተነሣሁ፤ የዓመት በዓል ቀሚሴን አወጣሁ፤ ጫማዬን ጠረግሁ። ሄጄ አልመርቅም ልበላቸው፣ በሰው ፊት ልበላቸው አልኩ። እንዲህ ነበር ያልኩት።

የሁሉቃን ድልድይ በባጃጅ ተሻገርኩ። ሾፌሩ ሃያ ብር አለኝ፤ አልተከራከርኩም። የጄኔራሉ ቪላ ዛሬ አፀደ ሕፃናት ነው፤ በደርግ ጊዜ ተወርሶ ቀርቶ፣ ድሮ ባለ ሥልጣን የሚስተናገድበት የሳሎን ግድግዳ ላይ አሁን ቢጫ ቀጭኔ ተስሎበታል። ወርቅቱ የምትኖረው ከኋላው ሰርቪስ ቤቱ ውስጥ ነው፤ ሁለት ክፍል፣ ዝቅ ያለ ጣሪያ፣ ግድግዳው እርጥበት የበላው። አባቷም ከእስር ሲፈቱ እዚያችው ገብተው፣ ጓሮ ቀፎ እያዩ፣ እዚያችው ሞቱ። እውነቱን ልናገር፤ የእኔ ቤት ይሻላል። ቆርቆሮው አዲስ ነው፣ ወለሉ ሲሚንቶ ነው። ግን የእኔ ቤት ግድግዳ ላይ የቤሩት ካሌንደር ነው የተሰቀለው፤ እሷ ግድግዳ ላይ ጄኔራል ጋሮማ አለ። በትልቅ ፍሬም፣ ኦጋዴን በረሃ ጂፕ ተደግፎ፣ ዱላውን ብብቱ ሥር ይዞ። ከጎኑ የቆመ ሰው ነበር፤ ፍሬሙ ሲሠራ ተቆርጦ ክርኑ ብቻ ቀርቷል። ያ ክርን የባሌ የዋቅቶላ ነው። አሥር አለቃ ዋቅቶላ። ጋሮማ ኮረብታውን ያዘ ይባላል። ዋቅቶላ ግን ከመሞቱ በፊት እንዲህ ይለኝ ነበር፦ «ኡርጌ፣ ኮረብታውን የያዝነው እኛ ነን፤ እሱ የያዘው ማዕረጉን ነው።» በቂም አልነበረም የሚለው፤ እየሳቀ ነው። ቂሙን የያዝኩት እኔ ነኝ።

በሩ ላይ ስደርስ ጨዋታው ቆመ። ሰዎች ሞልተዋል፤ የሠፈር ሴቶች፣ ሹኩሪያ ከዳቦዋ አጠገብ፣ ሁለት ሽማግሌዎች፣ ከባኮ የመጣው አዱኛ። አዱኛ ከመቀመጫው ብድግ ብሎ ጉልበቴን ሊስም ጎንበስ አለ፤ ድሮም ከዚህ በላይ የምንባባለው የለም። ከዚያ ለንሳን አየኋት። ፎቶው ሥር በርጩማ ላይ ተቀምጣለች። ፀጉሯን ተቆርጣለች። ከሕፃንነቷ ጀምሬ ቅዳሜ ቅዳሜ ቅቤ ቀብቼ፣ ሁለት ጉልበቴ መሀል አስቀምጬ ስጎነጉነው የኖርኩትን ፀጉር እስከ ጆሮዋ አስቆርጣ፣ ጆሮዋ ሕፃን ሆና እንደነበረው ብቅ ብሏል። ዓይኗ ከዓይኔ ገጠመ። ላለቅስ ነበር። አፌን ግን ከፈትኩ፤ «ይህ ሁሉ ሰው ሲጠራ…» ማለት ጀመርኩ።

ወርቅቱ አላስጨረሰችኝም። ተነሣች። ባለ ክንዱን ወንበር፣ እሷ ራሷ ብቻ የምትቀመጥበትን የጄኔራሉን ወንበር፣ በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችልኝ።

«አዴ ኡርጌ መጡ። እንግዲህ ይጀመር፤ እዚህ ይቀመጡ» አለች፤ አዴ በእኛ አፍ ወይዘሮ እንደማለት ነው።

በሠላሳ ዓመት የጋብቻ ዝምድናችን ወርቅቱ አንድ ቀን ወንበር ለቃልኝ አታውቅም። በልጆቹ ሠርግ ቀን እንኳ እኔ ከድስቶቹ ጋር ነበርኩ፣ እሷ ከሽማግሌዎቹ ጋር። አሁን አምቦ ግማሹ እያየ እጄን ይዛ አስቀመጠችኝ፤ ከዚያ ወደ ሰዉ ዞራ ታሪኳን ጀመረች። ሺህ ጊዜ የሰማሁትን ነው። ይህኛውን ክፍል ግን በወጉ አድምጬው አላውቅም ነበር፦

«አባቴ አንዲት ማዕረግ እንኳ ደንዲ ሳይወርድ ትከሻው ላይ አላረገም። መቶ አለቃ ሲባል፣ ሻምበል ሲባል፣ ኮሎኔል ሲባል፣ ምልክቱን በመሐረብ ጠቅልሎ ይዞ እናቱ ጋ ይሄዳል። ጭቃው ላይ ይንበረከካል። እሷ ምን እንደሆነ አታውቀውም፤ ቆርቆሮ ነው የሚመስላት። ቱፍ ትልበታለች፤ ከዚያ ይሰካዋል። ሌፍተናንት ጄኔራል ሲሆን ግን ከቤተ መንግሥት ቸኩለው ጠሩት፤ ነገ እሄዳለሁ አለ። ሳይሄድ እናቱ ሞተች። ያቺን ማዕረግ ያለ ምርቃት ነው የለበሳት፤ ከዚያ ወዲያ አንድም ነገር አልቀናውም። ወኅኒ ወረደ፣ ቤቱን ወሰዱበት። ሲሞት እንኳ ‹ያን ቀን መኪናውን ባዞረው ኖሮ› ነበር የሚለው።» ከዚያ ለንሳን ትከሻዋን ይዛ ወደ እኔ መራቻት። «ስለዚህ እኔ የጄኔራል ልጅ ነኝ ብዬ ቀድሜ አፌን አልከፍትም። ይህችን ልጅ ያሳደገ አፍ ይኸው ተቀምጧል።»

«እውነት ነው!» አለ አንዱ ሽማግሌ። «አሳዳጊ እያለ ወላጅም አይቀድምም፣ እንኳን ጄኔራል!» ሰዉ ሳቀ። «የአሥር አለቃ ዋቅቶላ ባለቤት ናቸው እኮ፤ ያ ክርን የማን መሰለሽ?» አለች ሌላዋ ለሹኩሪያ፣ ፎቶውን በአገጯ እያሳየች። ሹኩሪያም ተነሥታ ክርኑን አየችው። ሁሉም ክርኑን አዩት።

እንዴት ልንገራችሁ? የጠማው ሰው ውሃ ሲያገኝ ማሰሮው የማን ነው ብሎ አይጠይቅም። ሰርዶ ሣሩን በእጄ አስያዙኝ። ለንሳ ተንበርክካ ግንባሯን ጉልበቴ ላይ አስደገፈች። የተቆረጠው ፀጉሯ መዳፌን ወጋኝ። አልመርቅም ልል ነበር የመጣሁት፤ አሁን ግን ሁለቱ ሽማግሌዎች ቆመዋል፣ ወርቅቱ አንገቷን ሰብራ ከኋላዬ ቆማለች፣ ወንበሩ ደግሞ ለአካሌ የተሠራ ይመስል ነበር። አፌ ተከፈተ።

«ሂጂ» አልኩ።

«ሃ ታኡ!» አሉ ሰዎቹ፤ ይሁን ማለታቸው ነው።

«ሄደሽ ተመለሺ!»

«ሃ ታኡ!»

«እሾህ አይውጋሽ፣ ድንጋይ አያደናቅፍሽ! የጠላሽ አይይሽ፣ የወደደሽ አይጣሽ!»

«ሃ ታኡ!»

ድምፄ ራሴን አስገረመኝ። እየጨመረ ሄደ። ዓይኔ ፎቶው ላይ ወደቀ፤ ጄኔራሉ ጂፑን ተደግፎ ያየኛል። ዝም ብዬ ላበቃ የሚገባኝ እዚያ ላይ ነበር። አልበቃኝም። «ከፍ በይ!» አልኩ። «ከሻምበል በላይ፣ ከኮሎኔል በላይ! ከጋሮማ በላይ ከፍ በይ! አያትሽ ዋቅቶላ ክርኑ የቀረበት ግድግዳ ላይ አንቺ ሙሉ ሆነሽ ተሰቀዪ!»

«ሃ ታኡ! ሃ ታኡ!» ቤቱ ተናጋ። ሹኩሪያ እልል አለች። ወርቅቱ ጎንበስ ብላ ትከሻዬን ሳመችኝ፤ እንባዋ ነጠላዬን አራሰው። እኔም ሣሩን የልጅቷ ራስ ላይ አኖርኩና ቱፍ ቱፍ አልኩባት።

ዳቦ ተቆረሰ። በላሁ፤ ሁለት ቁራሽ በላሁ። ሴቶቹ ለእኔ ቀድመው ቀዱልኝ፣ ለእኔ ቀድመው አቀረቡልኝ። እስክወጣ ድረስ ምን እንዳደረግሁ አልገባኝም። ሲመሻሽ ወርቅቱ እስከ ውጭ በር ሸኘችኝ፤ ለንሳ ሻንጣ ነገር ስትሰበስብ ወደኋላ ቀርታለች። አፀደ ሕፃናቱ ተዘግቷል፤ ዥዋዥዌው ባዶውን ይንቀሳቀሳል። ወርቅቱ እጄን አልለቀቀችም።

«ኡርጌ፣ ምን ብዬ ላመስግንሽ? ልጅቷ ሰሞኑን ስታለቅስ ነው የከረመችው። አኮ ካልመረቀችኝ አልሄድም፣ ልጠይቃትም አልደፍርም፣ ሞቲን ታስታውሳለች አለች። እኔም ጥሪ ልላክላት ስላት፣ አይሆንም፣ በራሷ ፈቃድ ካልመጣች ትኬቱን እመልሳለሁ ብላ ቆርጣ ነበር። ፈጣሪ እግርሽን አመጣው።»

እጄን ከእጇ አወጣሁ። ባጃጅ ውስጥ ገብቼ ተቀመጥኩ። ቤቴ ብቀመጥ በቂ ነበር። በሬን ዘግቼ፣ አፌን ዘግቼ። ልጅቷ ነገ ጠዋት እቤቴ ትሆን ነበር፣ ካልሲ ትፈልግ ነበር። እግሬን ያመጣው ፈጣሪ አይደለም። የእኔን ወንበር እሷ እንዳትቀመጥበት ብዬ ሮጬ ሄጄ፣ የእሷ ወንበር ላይ ተቀምጬ፣ ልጄን በገዛ አፌ ሸኘሁ።

ለንሳ ብዙም ሳትቆይ ተከትላኝ መጣች። የመጨረሻዋን ሌሊት ከእኔ ጋር ልታድር ነው፤ አዲሱን ቦርሳዋን በር አጠገብ አስቀመጠች። ፊቷ በርቷል። እንደ ድሮዋ አልጋዬ ጫፍ ላይ ዘላ ተቀመጠችና ታወራኝ ጀመር፤ ስለ ሥልጠናው፣ ስለ መጀመሪያው ደመወዝ፣ እማዬን ከቤሩት ስለማስመጣት፣ እኔን ዓይን ሐኪም ዘንድ ስለመውሰድ። «አኮ ደግሞ ስትመርቂ አየሁሽ! ከጋሮማ በላይ አልሽ እኮ! አኮ ወርቅቱ ደነገጠች፣ አላየሻትም?» አለችኝ። እጄን ይዛ መዳፌን ጉንጯ ላይ አደረገች። «ሞቲን እያሰብሽ እንኳ ለእኔ ብለሽ መጣሽ።»

ዝም ብል ምን ነበረበት? ዝም ማለት እችል ነበር፤ ሌሊቱ አልፎ፣ ጠዋት መናኸሪያ ድረስ ሸኝቼ፣ በመስኮቱ ስሜያት እመለስ ነበር። ግን ያ አውቶቡስ ታየኝ። መርዶ ነጋሪዎቹ ኮፍያቸውን ሲያወልቁ ታየኝ። ካልሰበርኩት አይቆምም አልኩ። እጄን ከጉንጯ ላይ አነሣሁ።

«ለአንቺ ብዬ አልመጣሁም» አልኳት። «ልከለክልሽ ነው የመጣሁት። ወንበሩን ስትለቅልኝ ጊዜ ነው የመረቅሁት። ምርቃቱ ለአንቺ አልነበረም፤ ለወርቅቱ ነበር። እሷን ለማሸነፍ ነው። እንዲህ ያለ ምርቃት ደግሞ አይሠራም። አትሂጂ።»

ለንሳ አየችኝ። ቁጣ ቢሆን እችለው ነበር። እንደዚያ ዓይነት ዓይን አንድ ጊዜ ብቻ ነው ያየሁባት፤ ሰባት ዓመቷ ሆኖ፣ እናቷ ወደ ቤሩት ስትሄድ ታክሲው መታጠፊያው ላይ ሲሰወር። ከአልጋው ላይ ቀስ ብላ ተነሣች። የተቀመጠችበትን አንሶላ በመዳፏ ዳበስ አድርጋ አስተካከለችው፤ እጥፋቱ እስኪጠፋ። እኔ እያወራሁ ነበር፤ ምን እንደምል አላውቅም፣ ስለ ብርዱ፣ ስለ ሹራቧ፣ ስለ እራት፣ ሽንኩርት አንድ ኪሎ መቶ ሃያ መግባቱን ሁሉ ሳልናገር አልቀረሁም። ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አንጠለጠለች። የሸራ ጫማዋን ከመስኮቱ ሥር አንሥታ አጠለቀችና ማሰሪያውን ጎንበስ ብላ አሰረች፤ አጭሩ ፀጉሯ ሥር ማጅራቷ ነጭ ሆኖ ታየኝ፣ ፀሐይ ነክቶት የማያውቅ። ከዚያ ቀና አለችና «አኮ ወርቅቱ ጋ አድሬ እሳፈራለሁ» ብላ በሩን ከፍታ ወጣች። በኃይል ትዘጋዋለች ብዬ ጠብቄ ነበር። ቀስ አድርጋ፣ የተኛ ሰው ላለመቀስቀስ ያህል፣ ገጠመችው።